ሳሙናና ፖሊመር በአንድ ሳፋ ውስጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባላት ስም የተነበበ ንግግር






የበዓሉ ኮሚቴ ከሳይንስ ትምህርት አንድ ነገር መርጠን ለእንግዶች እንድንናገር ባዘዘን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ አንዳንዶቹም ስለ አቶም ኀይል እንናገር ብለው ነበር። በመጨረሻ ግን በየቤታችን በየሳምንቱ የሚሠራውን፣ ማንም ሰው ዐውቀዋለሁ ብሎ የሚያልፈውን የልብስ አጠባን ነገር መረጥን። ምክንያቱም ሳይንስ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስለን፣ በእናቶቻችን ሳፋ ውስጥም መኖሩን ለማሳየት ስለ ፈለግን ነው።

ጥያቄያችን አጭር ናት። ሳሙና እድፍን ከልብስ ካስለቀቀ በኋላ፣ እድፉ ተመልሶ እንዳይለጠፍ የሚጠብቀው ምንድን ነው? መልሱን ስንፈልግ ከሁለት ልዩ ልዩ ባሕርይ ካላቸው ነገሮች ጋር ተገናኘን። አንደኛው እድፍን የሚያነሣው ነው፤ ስሙም በኬሚስትሪ ቋንቋ ሰርፋክታንት ይባላል፤ እኛ በዚህ ንግግር አጣቢው እንለዋለን። ሁለተኛው የተነሣውን እድፍ የሚጠብቀው ሲሆን፣ ፖሊመር ይባላል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አንዳንድ ጊዜ ይረዳዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ይሸሻሻሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እርስ በርሳቸው አለመጠን ተጣብቀው ሥራቸውን ይተዋሉ። ጥሩ የማጠቢያ ሳሙና ማዘጋጀት ማለት ይህን የሁለቱን ግንኙነት በልኩ መያዝ ማለት ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ አጣቢው

ውሃና ቅባት እንደማይዋሐዱ የታወቀ ነው። ዘይት በውሃ ላይ ቢያፈሱት ተንሳፍፎ ይቀራል። የልብሳችንም እድፍ አብዛኛው ከሰውነት የወጣ ወዝ፣ የምግብ ቅባት፣ ከዚህም ጋር የተጣበቀ አቧራና ጥላሸት ስለ ሆነ፣ ውሃ ብቻውን ሊያስለቅቀው አይችልም። አጣቢው ግን ሁለት ጠባይ ያለው ሞለኪውል ነው። ራሱ ውሃን ይወዳል፤ ጅራቱ ውሃን ሸሽቶ ቅባትን ይወዳል። ስለዚህ ጅራቱን በቅባቱ ውስጥ ተክሎ፣ ራሱን ወደ ውሃው አውጥቶ፣ ቅባቱን ከጨርቁ ላይ ያንከባልለዋል። የአንዱ ሞለኪውል ርዝመት 2 ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖሜትርም የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ናት።

የውሃን ገጽ ነገር በትክክል መለካት ያስጀመረችው አንዲት የቤት ልጅ መሆንዋን ስናነብ እጅግ ተደነቅን። አግነስ ፖከልስ የምትባለው ጀርመናዊት በ1862 ተወለደች። በዚያ ዘመን በአገርዋ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ አይፈቀድም ነበርና፣ ብራውንሽቫይግ በሚባለው ከተማ በወላጆችዋ ቤት ውስጥ እየሠራች ትኖር ነበር። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ገጽ ሳሙናና ቅባት ሲነካው እንዴት እንደሚለወጥ አስተዋለች፤ ከቆርቆሮ በተሠራ ገበቴ መለኪያ አበጅታም የውሃውን ገጽ ጥንካሬ ለብዙ ዓመታት መረመረች። በ1891 ያገኘችውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፋ ለታወቀው የእንግሊዝ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ላከችለት። እርሱም ደብዳቤው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በዚያው ዓመት እንዲታተም አደረገ። በ1932፣ ዕድሜዋ 70 ዓመት ሲሆን፣ የብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። እኅቶቻችን ተማሪዎች ይህን ታሪክ ልብ እንዲሉት እንለምናለን።

አጣቢው በውሃ ውስጥ ጥቂት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል በተናጠል ይንከራተታል፤ አብዛኛውም ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል። መጠኑ ሲጨምር ግን ጅራቶቻቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሶቻቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሆነው ይሰበሰባሉ። ይህ ስብስብ ሚሴል ይባላል። በሳሙና ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ስብስብ መኖሩን በ1913 ገደማ ያስረዳው ማክቤይን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ለምሳሌ ያህል ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የሚባለው የታወቀ አጣቢ በ25 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 2.3 ግራም ገደማ ሲደርስ መሰብሰብ ይጀምራል፤ በአንዱ ሚሴልም ውስጥ 60 ያህል ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ሚሴሉ ቅባቱን በሆዱ ይዞ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል።

ስለ ፖሊመር

እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። እድፉ ከጨርቁ ወጥቷልና። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጭ ልብስ ቀስ በቀስ እየወየበ፣ ወደ አመድማ መልክ እየተለወጠ የሚሄደው ስለምንድን ነው? ከአንዱ ሸሚዝ ዐንገት የወጣው ጥላሸት በሳፋው ውስጥ እየዞረ፣ ንጹሕ በነበረው በሌላው ጨርቅ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ቅባቱን ሚሴሉ ቢይዘውም፣ ደረቁ ጥላሸትና ጭቃው በቀላሉ ተመልሶ ይለጠፋል። ለዚህ ጠባቂ ያስፈልጋል።

ፖሊመር ማለት ትንንሽ የሆኑ ተመሳሳይ ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የተሠሩበት ረጅም ሞለኪውል ነው። ጥጥ ፖሊመር ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የግሉኮስ ክፍሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ነውና። ሱፍና ሐር፣ ጎማና ፕላስቲክ፣ ሸሚዝ የምናደርቅበት አሚዶም እንዲሁ ፖሊመሮች ናቸው። እነዚህ ነገሮች በእውነት ረጅም ሰንሰለት መሆናቸውን ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ ሲናገር ብዙዎቹ የጊዜው ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። እርሱ ግን ማስረጃውን እየሰበሰበ ቆይቶ፣ በ1953 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ለልብስ አጠባ ቀድሞ ያገለገለው ፖሊመር ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነው፤ በየገበያው ሲ.ኤም.ሲ. እየተባለ ይጠራል። የሚሠራው ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ ሲሆን፣ በውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅጥያዎች ተጨምረውበታል። ጀርመኖች በ1930ዎቹ ዓመታት በማጠቢያ ሳሙና ውስጥ ያገቡት ጀመር። ሲ.ኤም.ሲ. ከጥጥ ጋር የሥጋ ዘመድ እንደ መሆኑ መጠን በጥጥ ጨርቅ ላይ በቀላሉ ይለጠፋል። ጨርቁንም ኔጋቲቭ ቻርጅ ባለው ስስ ልብስ ይሸፍነዋል። በሳሙና ውሃ ውስጥ ያለው ጥላሸትም ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዞ ስለሚገኝ፣ ሁለቱ አንድ ዐይነት ቻርጅ ያላቸው ይገፋፋሉ፤ ጥላሸቱም ሳያርፍ በመጨረሻ ከውሃው ጋር ይደፋል። ለዚህ ሥራ በዱቄት ሳሙና ውስጥ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ብቻ ይበቃል።

እኛም ይህን ነገር በዐይናችን ለማየት ፈልገን በመምህራችን ተቆጣጣሪነት ሙከራ አደረግን። በሁለት ጠርሙሶች ውስጥ አንድ ዐይነት መጠን ያለው ውሃና ፖሊመር የሌለበት አጣቢ ጨመርን። በሁለቱም ላይ እኩል የደቀቀ ጥላሸት በጠበጥን። በአንደኛው ብቻ ጥቂት ሲ.ኤም.ሲ. አሟሟንበት። ከዚያ በኋላ ንጹሕ የአቡጀዲድ ቁራጮች አግብተን ለ20 ደቂቃ ያህል አራገብናቸውና አለቀለቅናቸው። ሲ.ኤም.ሲ. ከሌለበት ጠርሙስ የወጣው ቁራጭ አመድማ ሆኖ ወጣ፤ ከሌላው የወጣው ግን ከእርሱ ይልቅ ነጭ ነበር። ቀጥለን በአቡጀዲዱ ፋንታ የፖሊስተር ጨርቅ ብናገባ፣ ሲ.ኤም.ሲ. ይህን ያህል ልዩነት አላመጣም። ፖሊስተር በ1941 በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነውና፣ ለሴሉሎስ ዘመዱ አይደለም። ስለዚህ ለፖሊስተር ጨርቅ የሚያገለግል ሌላ ፖሊመር ተሠርቷል፤ እርሱም ከፊሉ ከራሱ ከፖሊስተሩ ክፍሎች የተቀጠለ ነው። ከዚህ የተማርነው ደንብ አንድ ነው፤ ጠባቂው የሚጠብቀውን ነገር ሊመስል ይገባዋል።

ሁለቱ ሲገናኙ

እስካሁን አጣቢውንና ፖሊመሩን እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ሲሠሩ አየን። ነገር ግን ሁለቱም ያሉት በአንድ ውሃ ውስጥ ነውና፣ እርስ በርሳቸው መነካካታቸው አይቀርም። ይህንን በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

አንደኛው፣ ፖሊመሩ ምንም ቻርጅ የሌለው ሲሆን ነው። ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ የሚባለው ሰንሰለት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን ሰንሰለት አስቀድመን በውሃው ውስጥ ብናሟሟ፣ ያ ቀደም ሲል የጠቀስነው አጣቢ 2.3 ግራም እስኪሞላ አይጠብቅም፤ በአንድ ሊትር ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ገደማ ሲደርስ በሰንሰለቱ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል። ስብስቦቹ ከተለመደው ሚሴል ያነሱ ሲሆኑ፣ በረጅሙ ሰንሰለት ላይ ተራ በተራ ይቀመጣሉ። ዶቃ በክር እንደ ተሰካ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ሊቃውንቱ ይህን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በመለኪያ አረጋግጠዋል። ዶቃዎቹ ሁሉም ኔጋቲቭ ስለ ሆኑ ይገፋፋሉ፤ ክሩም በዚያ ምክንያት ይዘረጋል፤ ውሃውም እየወፈረ ይሄዳል። ሰንሰለቱ ከጠገበ በኋላ ተጨማሪ አጣቢ ቢገባ፣ ያን ጊዜ የተለመደው ሚሴል ይፈጠራል።

ይህ ነገር ለእጃችን ቆዳም ጥቅም አለው። ቆዳን የሚያደርቀውና የሚያሳክከው ይበልጡን በውሃው ውስጥ በተናጠል የሚንከራተተው አጣቢ ነው። ምክንያቱም የቆዳችን ፕሮቲን ራሱ ፖሊመር ነውና፣ አጣቢው ጅራቱን ተክሎ ያሳብጠዋል። በሰንሰለቱ ላይ የተያዘ አጣቢ ግን በቆዳው ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ችግር በዱቄት ሳሙና ውስጥ በሚጨመረው ኤንዛይም ላይም ይደርሳል። ኤንዛይም የደምንና የምግብን እድፍ የሚቆራርጥ ፕሮቲን ሲሆን፣ ኀይለኛ አጣቢ ሲበዛበት የተጠቀለለው ሰንሰለቱ ተፈትቶ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ አዘጋጁ አጣቢዎቹን በመምረጥና በመመጠን ኤንዛይሙን ሊጠብቀው ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው፣ ፖሊመሩና አጣቢው አንድ ዐይነት ቻርጅ ሲኖራቸው ነው። ሲ.ኤም.ሲ. ኔጋቲቭ ነው፤ የተለመደውም የዱቄት ሳሙና አጣቢ ኔጋቲቭ ነው። እነዚህ አይያያዙም፤ እንዲያውም ይሸሻሻሉ። በሳፋው ውሃ ውስጥ ሁለቱም ጥቂት ስለ ሆኑ ይህ መሸሻሸት አይጎዳም፤ ይልቁንም ሲ.ኤም.ሲ. በአጣቢው ሳይያዝ ነጻ ሆኖ ጨርቁን እንዲሸፍን ያስችለዋል። በጠርሙስ ውስጥ በሚቀመጥ ፈሳሽ ሳሙና ግን ሁለቱም በብዛት ከተጨመሩ፣ ቦታ ይጣበባቸውና አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይለያያሉ። ከሱቅ የተገዛ ፈሳሽ ሳሙና ሁለት ልዩ ልዩ መልክ ይዞ ተለያይቶ ሲገኝ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ቻርጃቸው ተቃራኒ ሲሆን ነው። ፖዚቲቭ ፖሊመርና ኔጋቲቭ አጣቢ እንደ ማግኔት ይሳሳባሉ፤ ቻርጃቸው እኩል ለእኩል ሲሆን ተጠቅልለው ከውሃው ይወጣሉ፤ ውሃውም ይደፈርሳል። ይህ በልብስ ሳሙና ላይ የሚያስጠላ ነገር ቢሆንም፣ በፀጉር ሻምፑ ውስጥ በጥበብ ሥራ ላይ ውሏል። በሻምፑው ጠርሙስ ውስጥ አጣቢው እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ፖሊመሩን ከብቦ ሟሙቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። ሻምፑው በፀጉር ላይ ሆኖ ውሃ ሲፈስበት ግን አጣቢው ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ይለያሉና በፀጉሩ ላይ ያርፋሉ። ፀጉሩም ለስልሶ ለማበጠሪያ የተመቸ ይሆናል። አጣቢው ወዙን ሲወስድ፣ ፖሊመሩ ልስላሴውን ይተዋል ማለት ነው።

መያያዝ አለመጠን ሲበዛ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ቀይ ሹራብ ከነጭ ነጠላ ጋር አብሮ ቢታጠብ ነጠላው ሮዝ መልክ ይዞ ይወጣል። ይህን ለመከላከል ፖሊቪኒልፒሮሊዶን የሚባል ፖሊመር ይጨመራል፤ ከሹራቡ የለቀቀውን ቀለም በውሃው ውስጥ ይይዘውና ወደ ነጠላው እንዳይደርስ ያግደዋል። ነገር ግን ይኸው ፖሊመር ኔጋቲቭ አጣቢዎችንም መያዝ ይወዳል። አጣቢው ሰንሰለቱን ቀድሞ ከያዘው፣ ቀለሙ የሚያዝበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ለባለ ቀለም ልብስ በሚዘጋጅ ሳሙና ውስጥ ቻርጅ የሌላቸውን አጣቢዎች ድርሻ ከፍ ያደርጋሉ፤ ወይም ለአጣቢው የማይማረክ ሌላ ፖሊመር ይመርጣሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እውነት ነው፤ ድሩ ግን ከማን ጋር እንደሚያብር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ውሃና ስለ ወንዞች

በአንዳንድ አገር ያለው ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ነው፤ ሳሙና በቀላሉ አያረፋበትም፤ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ለዚህ ነገር መድኀኒት ሆኖ የተገኘው ፎስፌት ነበር። በ1946 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ታይድ የተባለው የዱቄት ሳሙና ሰው ሠራሽ አጣቢንና ፎስፌትን አጣምሮ በመያዙ ታላቅ ዝና አገኘ። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት ችግሮች ታዩ።

የመጀመሪያው አረፋ ነው። የዚያን ጊዜው አጣቢ ጅራቱ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለ ነበረ፣ በውሃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሊበሉት አልቻሉም። በጀርመንና በአሜሪካ ወንዞች ላይ አረፋ እንደ ተራራ ተቆለለ። ጀርመን በ1961 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በአሜሪካም ፋብሪካዎቹ በ1965 ጅራቱ ቀጥ ወዳለው፣ ባክቴሪያ ሊበላው ወደሚችለው አጣቢ ተሻገሩ። ሁለተኛው ችግር የፎስፌቱ ነው። ፎስፌት ለእርሻ ማዳበሪያ እንደ ሆነ ሁሉ በሐይቅ ውስጥ ለሚበቅለው አልጌም ማዳበሪያ ሆነ። አልጌው በዝቶ ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣም ያልቃል። በዚህ ምክንያት ብዙ አገሮች ፎስፌቱን ወሰኑት፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2013 ጀምሮ ለቤት በሚውል የልብስ ሳሙና ውስጥ እጅግ ጥቂት ካልሆነ በቀር አይፈቀድም።

በፎስፌቱ ፋንታ ከገቡት መካከል አንዱ ዚዮላይት የተባለው ማዕድን ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ከአክሪሊክና ከማሌይክ አሲድ የተቀጠለ ፖሊመር ነው። ዚዮላይቱ ካልሲየሙን ይውጣል፤ ፖሊመሩ ደግሞ የሚፈጠሩትን የኖራ ቅንጣቶች በታትኖ በጨርቁ ላይ እንዳያርፉ ያደርጋል፤ ካልሲየሙ አጣቢውን ይዞ እንዳያዘቅጠውም ይረዳል። እዚህም ላይ ፖሊመሩ ለአጣቢው ጋሻው ሆኖ እናገኘዋለን።

በአገራችን ያለውን እንዶድ ሳናነሣ ብናልፍ ታሪካችንን መርሳት ይሆንብናል። እናቶቻችንና አያቶቻችን የእንዶድን ፍሬ ወቅጠው፣ በአረፋው ነጭ ሸማ ሲያጥቡ ኖረዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ራስና ጅራት ያለው የተፈጥሮ አጣቢ ነው። በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱት እነዚሁ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚያገለግል ምርምር ተጀመረ። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ልብስ የሚታጠብበትን ቦታ በማስተዋል ታላቅ ዕውቀት ሊገኝ ይችላል። ደግሞም ከሳፋችን የሚደፋው ውሃ በወንዝ ውስጥ ሕይወት ያላቸውን ፍጥረቶች ይነካል፤ አጣቢ የሕዋስን ሽፋን ሊያፈርስ ይችላልና።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

ዛሬ በከተሞቻችን ውስጥ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ፈሳሽ ሳሙና እያዘጋጁ ይሸጣሉ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። በቅልቅሉ ውስጥ በኮስቲክ ሶዳ የተመጣጠነ ሰልፎኒክ አሲድ፣ አረፋ የሚጨምር ሌላ አጣቢ፣ ጨውና ሲ.ኤም.ሲ. ይገባሉ። ጨው የሚሴሎቹን ራሶች መገፋፋት ስለሚያበርድ፣ ሚሴሎቹ እንደ ክር ይረዝማሉ፤ ፈሳሹም ይወፍራል። ይህ ግን ልክ አለው። ከልኩ ያለፈ ጨው ፈሳሹን መልሶ ያቀጥነዋል። ጨው ሲበዛ የሲ.ኤም.ሲ.ው ሰንሰለት ራሱ ይኮማተራል፤ የማወፈር ኀይሉም ይቀንሳል። ሲ.ኤም.ሲ. ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ደኅና አድርጎ አይሟሟምና፣ አስቀድሞ ለብቻው በንጹሕ ውሃ ማሟሟት ይገባል። ቀጥኖብናል ብሎ ጨው ላይ ጨው መጨመር ድካምን ማባከን ነው። ኮስቲክ ሶዳና ሰልፎኒክ አሲድ ቆዳንና ዐይንን የሚያቃጥሉ ስለ ሆኑ፣ ጓደኞቻችን ያለ መምህር እንዳይነኩአቸው አደራ እንላለን።

ወላጆቻችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ እንወዳለን። የመጀመሪያው፣ የፈሳሽ ሳሙና ውፍረት የብርታቱ ምልክት አለመሆኑን ነው። ውሃና ሲ.ኤም.ሲ. ብቻ በጥብጦ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ መሥራት ይቻላል፤ እድፍን የሚያነሣ አጣቢ ግን አይኖረውም። ሁለተኛው፣ አረፋም የንጽሕና ምልክት አይደለም። ከመጠን በላይ የገባ ሳሙና በማለቅለቂያ ውሃ ይባክናል፤ የእናቶቻችንንም እጅ ያሳክካል፤ ገንዘብም ይጨርሳል። ስለዚህ በጭልፋ እየገመቱ ከመጨመር በማንኪያ መለካት ይሻላል። ነጩን ለብቻ፣ ባለ ቀለሙን ለብቻ ማጠብም ከማንኛውም ፖሊመር የሚበልጥ ጠባቂ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የቀረልን ሥራ አለ። ቀጥ ያለ ጅራት ያለውን አጣቢ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ከአክሪሊክ አሲድ የተሠሩት ረጅም ሰንሰለቶች ግን በቀላሉ አይበሰብሱም። ወንዙን ከአረፋና ከፎስፌት አድነን በማይጠፋ ሰንሰለት ልንሞላው አይገባንም። ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ከስታርች፣ ከሴሉሎስና ከመሳሰለው የተፈጥሮ ሰንሰለት ሥራውን ሠርቶ በጊዜው የሚበሰብስ ጠባቂ ለማግኘት ይደክማሉ። አገራችን የእህል፣ የእንሰትና የልዩ ልዩ ተክል ስታርች ያላት አገር ናት፤ እንዶድም አላት። ከመካከላችን ኬሚስትሪን አጥብቆ የሚማር ቢገኝ፣ ለዚህ ፍለጋ የሚሆነውን ነገር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

አጣቢው ብቻውን ቢሆን እድፉን አንሥቶ መልሶ ይጥለዋል። ፖሊመሩ ብቻውን ቢሆን የሚጠብቀው ነገር አያገኝም። ሁለቱ በልካቸው ሲገናኙ ግን፣ ሰዓት ሙሉ በሳፋ ላይ የምትጎነበሰዋ እናት ድካምዋ ይቀልላል፤ የልጅዋም ሸሚዝ ነጭ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ይህን ዕውቀት እየታገሡ ያስተማሩንን መምህራኖቻችንን፣ እነዚህን ንጹሕ ልብሶች አጥበው አልብሰው ወደዚህ የላኩንን ወላጆቻችንን ከልብ እናመሰግናለን። ለትምህርት ቤታችንም ብዙ የዕውቀት ፍሬ የሚገኝበት ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።